ለሰውነት የሚስማማው የመታሸት ጊዜ

በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊዎች ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ አጎንብሰው ይውላሉ፤ መሐንዲሱም በኮምፒዩተሩ ፊት እንዲሁ። አንገቱና ትከሻው ብቻ ለደከመ ሰው 30 ደቂቃ መታሸት ይበቃዋል፤ መላ አካሉ ለዛለ 60 ደቂቃ ይገባል። 90 ደቂቃ ግን፣ በተለይ ለጀማሪ፣ ይበዛል፤ በማግስቱ ጡንቻው እንደ ተደበደበ ሊያመው ይችላል።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻው ከረጅም መቀመጥ በኋላ አንድ እግር ብቻ በድንገት ሲያብጥ፣ ሲግልና ሲያም ነው። ምናልባት በደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶ ይሆናል፤ ቢታሽ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድና ሊገድል ይችላል። እንዲህ ያለው እግር አንድ ደቂቃም መታሸት የለበትም፤ ወጌሻው የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን፣ ታማሚው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።