የደበዘዘ የፋይበርግላስ ጀልባን ወዝ ስለ መመለስ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የዚህ ንግግር ርእስ ሲሰማ የመሐንዲስ ጉዳይ ላይመስል ይችላል። ባለ ሸራ ጀልባ በአብዛኛው የመዝናኛ ዕቃ ነው፤ ወዙ ስለ ደበዘዘም አይሰምጥም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር፣ በጥገና ሙያ ውስጥ ካሉት አስቸጋሪ ጥያቄዎች አንዱን ይዞ ይገኛል። ይኸውም አንድን ዕቃ አዲስ ለማስመሰል የሚደረገው ድካም የዕቃውን ዕድሜ የሚያራዝመው መቼ ነው፣ የሚያሳጥረውስ መቼ ነው የሚል ነው።

ስለ ገጹ አሠራር

ከብርጭቆ ክርና ከፖሊስተር ሬዚን ጀልባ መሥራት የተጀመረው በ1940ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ነው። ሥራው ወደ ሰፊው ገበያ እንዲገባ ካደረጉት ጀልባዎች አንዱ፣ ካርል አልበርግ የነደፈው፣ በአሜሪካ በሮድ አይላንድ ክፍለ ግዛት በብሪስቶል ከተማ የፒርሰን ወንድማማቾች ፋብሪካ የሠራው ትራይተን የተባለ ባለ 28 ጫማ ጀልባ ነው። ለሕዝብ የታየውም በ1959 በኒው ዮርክ የጀልባ ትርኢት ላይ ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፉ ጀልባዎች እስከ ዛሬ በውሃ ላይ ይገኛሉ። አካላቸው ጸንቷል፤ የገጻቸው ወዝ ግን እንደ አካላቸው አልጸናም።

እንዲህ ያለው ጀልባ የሚሠራው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። በሚገባ ተወልውሎ ሰም በተቀባ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በመጀመሪያ ጄልኮት የሚባለው፣ ቀለም የተቀላቀለበትና የብርጭቆ ክር የሌለበት ሬዚን ይረጫል። ከዚያ በኋላ የብርጭቆ ክሩ በሬዚን እየተነከረ ይደራረባል። ስለዚህ የአዲስ ጀልባ ወዝ ከቅርጽ ማውጫው የተወረሰ ነው እንጂ በኋላ የተቀባ አይደለም። የጄልኮቱም ውፍረት ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙ አይበልጥም፤ 500 ማይክሮን ገደማ ማለት ነው። ከዚህ ንግግር ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ የሚታወስ ቢሆን ይህ ቢታወስ ይበቃል።

ገጹን የሚያደክመው በመጀመሪያ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ጨረሩ የሬዚኑን የሞለኪውል ሰንሰለት ይበጥሳል፤ ኦክሲጅን በተበጠሰው ላይ ይሠራል፤ ዝናብና የባሕር ውሃ ደግሞ የላላውን አጥበው ይወስዱታል። ለነጭ ቀለም የሚጨመረው ቲታንየም ዳይኦክሳይድ ሁለት ጠባይ አለው። በአንድ በኩል ጨረሩን ውጦ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከላከላል፤ በሌላ በኩል በጨረሩ ኀይል ተነሣሥቶ በዙሪያው ያለውን ሬዚን ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ምክንያት ቀለም ሠሪዎች ቅንጣቱን በሲሊካና በአሉሚና ይሸፍኑታል። ሬዚኑ ታጥቦ ሲሄድ የቀለሙ ቅንጣት ብቻውን በገጹ ላይ ይቀራል፤ እጅ ሲያሹበትም እንደ ጠመኔ ይነጣል።

መልካሙ ነገር ጨረሩ ወደ ጥልቁ የማይዘልቅ መሆኑ ነው። ጉዳቱ በላይኛው ስስ ሽፋን ላይ ይወሰናል፤ ከሥሩ ያለው ጄልኮት ጤናማ ነው። ወዝን መመለስ የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሥራው በአጭሩ የደከመውን ልጦ ያልደከመውን ማውጣት ነው።

ወዝ ምንድን ነው?

ወዝ የቀለም ጉዳይ አይደለም፤ የገጽ ልስላሴ ጉዳይ ነው። በጄልኮት ላይ በቀጥታ ከሚያርፈው ብርሃን ከመቶ 5 እጅ የማይሞላው ከገጹ ላይ ይንጸባረቃል። ገጹ ልሙጥ ከሆነ ይህ ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ተመልሶ እንደ መስተዋት ምስል ያሳያል። ሻካራ ከሆነ ግን በየአቅጣጫው ይበተናል፤ የተበተነውም ነጭ ብርሃን ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር ተቀላቅሎ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ጥቁር ሰማያዊ ጀልባ ከነጩ ቀድሞ ያረጀ የሚመስለው ስለዚህ ነው።

ለስላሳ የሚባለው ምን ያህል ነው ለሚለው ጥያቄ የራይሌ መመዘኛ መልስ ይሰጣል። በቀጥታ ለሚያርፍ ብርሃን የገጹ አባጣ ጎባጣ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት አንድ ስምንተኛ ማነስ አለበት። ለአረንጓዴ ብርሃን ይህ 0.07 ማይክሮን ገደማ ነው። ነገር ግን ብርሃኑ ወደ ገጹ እያዘነበለ በሄደ መጠን መመዘኛው ይላላል፤ በ60 ዲግሪ እጥፍ፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ5 እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ከጀልባው አፍንጫ አጠገብ ቆሞ በርዝመቱ አሻግሮ የሚመለከት ሰው ሻካራውን ገጽ የሚያብለጨልጭ አድርጎ ያየዋል። ሥራው የሚመዘነው ፊት ለፊት ቆሞ በማየት ነው። መሣሪያ ያለው ደግሞ በ60 ዲግሪ፣ እጅግ ለሚያንጸባርቅ ገጽም በ20 ዲግሪ ይለካል።

ስለ ምርመራ

ብዙ ድካም በከንቱ የሚጠፋው ሳይመረመር በሚጀመር ሥራ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ምርመራ አንድ ባልዲ ውሃ ነው። ደብዛዛው ገጽ ላይ ውሃ ሲፈስ የቀድሞው ቀለም ብቅ ካለ፣ በሽታው ያለው በገጹ ሻካራነት ላይ ነው፤ ውሃው ጎድጓዳውን ሞልቶ ለጊዜው ልሙጥ አድርጎታልና። እንዲህ ያለው ጀልባ በውልወላ ይድናል። ገጹ ረጥቦም ቀለሙ ካልተመለሰ ግን የጠፋው ራሱ ቀለሙ ነው፤ ውልወላ የሚጠቅመው ጥፋቱ ወደ ውስጥ ካልዘለቀ ብቻ ነው። በነጭ ጀልባ ላይ ውሃው ብዙ ስለማያሳይ በጥቁር ጨርቅ አሽቶ የሚወጣውን ጠመኔ ማየት ይሻላል።

ይኸው ምርመራ የሰምንና በጨርቅ የሚቀቡ አክሪሊክ ቅባቶችን ምስጢር ይገልጣል። ሁለቱም የሚሠሩት ውሃው እንደ ሠራው ነው፤ ጎድጓዳውን ሞልተው ገጹን ያስተካክላሉ እንጂ የደከመውን ሬዚን አያነሡም። ላዩ ያምራል፤ ውስጡን ለቄስ ነው። አክሪሊኩ በፀሐይ ብዛት ሲበልዝና ሲላጥ ደግሞ እርሱን ማስለቀቅ ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል።

የሥራው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ጀልባው በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። የዝገት ነጠብጣብና በውሃው መስመር ላይ የሚታየው ቡናማ እድፍ በኦክሳሊክ አሲድ ይለቃል፤ አሲዱ መርዝ ስለሆነ ጓንትና የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል፤ በብዙ ውሃም መለቅለቅ አለበት። ቀጥሎ አሮጌው ሰም ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ በሚሉት ሟሟ፣ ጨርቁ ቶሎ ቶሎ እየተለወጠ ይወለወላል። ሰሙ ሳይነሣ መፋቅ ከተጀመረ ወረቀቱ ይደፈናል።

ከዚያ በኋላ ማንም ሠራተኛ ሊዘለው የማይገባ ደረጃ ይመጣል። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦታ ተመርጦ ከሁሉ የለሰለሰው ማወልወያ ይሞከራል። ካልበቃ ወደሚቀጥለው ሻካራ ይኬዳል። ደንቡ ከለስላሳ ወደ ሻካራ መሄድ ነው፤ ወዙን ያመጣው የመጀመሪያው ደረጃ ለመላው ጀልባ ይበቃል። በሻካራው የሚጀምር ሰው ግን ምን ያህል ጄልኮት በከንቱ እንደ ጣለ ሊያውቅ አይችልም።

ማወልወያው ካልበቃ ብቻ ገጹ በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። በአውሮፓ መለኪያ የ800 ቁጥር ወረቀት ቅንጣት 22 ማይክሮን፣ የ1200 ቁጥር 15፣ የ2000 ቁጥር ደግሞ 10 ማይክሮን ገደማ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የቀደመውን ጭረት እስኪያጠፋ ድረስ ይሠራበታል፤ አቅጣጫውም በየቁጥሩ ይለዋወጣል፤ የቀረው ጭረት በግልጽ እንዲታይ ነው። በገጹ ላይ በእርሳስ ቀለል ያለ መስመር ቢሰመር የት እንደ ተፋቀና የት እንዳልተፋቀ ያመለክታል። የ2000 ቁጥር ወረቀት የሚተወው ጭረት እንኳ ከላይ ከተጠቀሰው 0.07 ማይክሮን ስለሚበልጥ ገጹ በዚህ ደረጃ ወዝ የለውም። ይህን አይቶ ሥራው ተበላሸ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ የቀረውን ርቀት የሚሸፍነው ማወልወያው ነው።

ማወልወያው በተሽከርካሪ መኪና፣ በዝግታና ቦታ እየለወጡ ይሠራል። መኪናው በአንድ ቦታ ከቆመ ሙቀቱ ገጹን ያቃጥላል። በማዕዘንና በጠርዝ ላይ ግፊቱ በጠባብ ቦታ ስለሚከማች እዚያ በእጅ መሥራት ይመረጣል። ሥራው በጥላ ሥር እንጂ በፀሐይ አይደረግም። ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ላይ በሚገኙበት በዚህ ሥራ የታመቀ አየር የሚያንቀሳቅሰው መኪና ወይም ፍሳሽ ሲኖር መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ግዴታ ነው። ለአቧራውም የአፍንጫ መሸፈኛ ያሻል።

በመጨረሻ ገጹ ታጥቦ ሰም ይቀባል። የሰሙ ተግባር እዚህ ላይ ወዝ መፍጠር ሳይሆን የተገኘውን ወዝ መጠበቅ ነው፤ በየወቅቱም መታደስ አለበት። ሰም ለመቀባት የሰነፈ ሰው በኋላ በጄልኮት ይከፍላል።

ስለ ሂሳቡ

የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጄልኮት ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ የብርጭቆውን ክር ከፀሐይና ከውሃ የሚከላከል ሽፋን ነው። ለምሳሌ ያህል ከ500 ማይክሮን ውስጥ 300ው ለዚህ መከላከያ መጠበቅ አለበት ቢባልና አንድ ሙሉ ፍቆ ማደስ 40 ማይክሮን ቢወስድ፣ ጀልባው በዕድሜው የሚችለው 5 እድሳት ብቻ ነው። እድሳቱ በየ3 ዓመቱ ከተደረገ ሀብቱ በ15 ዓመት ያልቃል። በየዓመቱ ሰም እየተቀባ በየ10 ዓመቱ ከተደረገ ግን 50 ዓመት ይበቃል። ቁጥሮቹ እንደ ጀልባው ይለያያሉ፤ የሂሳቡ መንገድ ግን አይለወጥም።

ሀብቱ ማለቁ በምልክት ይታወቃል። የገጹ ቀለም እዚህና እዚያ እንደ ጥላ ይጠቁራል፤ ወይም የብርጭቆው ጨርቅ ሽመና ከሥሩ ብቅ ይላል። ይህ በታየበት ቦታ መፋቁ ወዲያውኑ መቆም አለበት። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መንገድ ሁለት ቅልቅል ያለው ፖሊዩሬቴን ቀለም መቀባት ነው። ቀለሙ ውብና ጽኑ ነው፤ ሆኖም ከጄልኮቱ በብዙ የሳሳ በመሆኑ እንደ ጄልኮት እየተፋቀ አይታደስም። በውስጡ ያለው አይሶስያኔት ደግሞ ሳንባን ስለሚጎዳ፣ በሚረጭበት ጊዜ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀርብበት ጭንብል ሳይኖር መሥራት አይገባም።

ይህ ትምህርት ከባሕር የራቀውንም ባልደረባ ይመለከተዋል። ለመጋዘንና ለፋብሪካ ጣሪያ ብርሃን እንዲያስገባ የሚለበጠው የፋይበርግላስ ቆርቆሮ የሚደክመው በዚሁ ጨረር ነው። የአልትራቫዮሌቱም ብርታት ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በደጋው የሚሠራ መሐንዲስ የገጽ መከላከያውን ከባሕር ዳርቻው መሐንዲስ ይልቅ አጥብቆ ሊያስብበት ይገባል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ይቀራል። ያገለገለ ጀልባ ለመግዛት የሚመጣ ሰው ወዝን የጤንነት ምስክር አድርጎ ይቆጥራል። ከላይ እንደ ታየው ግን የ40 ዓመት ጀልባ እንደ አዲስ ማብለጭለጩ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል፤ ወይ በጥንቃቄ ተይዞ ጄልኮቱ አልተነካም፣ ወይም ተደጋግሞ ተፍቆ ሊያልቅ ተቃርቧል። ዓይን ብቻውን ሁለቱን ሁልጊዜ ሊለይ አይችልም። የሚለየው መዝገብ ነው። ስለዚህ እድሳት የሚያደርግ ሁሉ ቀኑን፣ በየትኛው ቁጥር ወረቀት እንደ ጀመረና በየትኞቹ ቦታዎች ጥላ እንዳየ ከሞተሩ መዝገብ ጎን ቢጽፍ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ምን ያህል ሀብት እንደ ቀረለት አውቆ እጁን ይሰበስባል።