ከስጦታው በፊት የሸማኔው ዋጋ

እዚህ አሜሪካ ከመካከላችን ነጠላ፣ ጋቢና ሻርፕ ከአገር ቤት እያስመጣችሁ በቤተ ክርስቲያን ግቢና በበዓል ባዛር የምትሸጡ ብዙ ናችሁ። አብዛኞቻችሁ ከትርፉ ለተቸገረ ትሰጣላችሁ፤ ይህ የሚያኮራ ልማድ ነው። እኔ የምጠይቀው ቅደም ተከተሉ እንዲስተካከል ነው። መጀመሪያ የሠራው ሰው ዋጋውን ያግኝ፣ ስጦታው ከዚያ ይከተል።

ለምሳሌ አንድ ሻርፕ በ40 ዶላር ሸጥን እንበል። መለያው ላይ «ከሽያጩ 10 በመቶ ለተቸገሩ ሕፃናት» ብለን ጽፈናል። ይህ 4 ዶላር ነው። ሸማኔው ለዚያው ሻርፕ የተከፈለው 3 ዶላር ብቻ ከሆነ ግን፣ ከክፍያው የሚበልጥ ምጽዋት ከሥራው ላይ ሰጥተናል ማለት ነው። ምናልባት የተቸገረው ሕፃን የእሱው ልጅ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ስጦታ በጎ አድራጎት ለማለት አልደፍርም።

ሒሳቡን በትክክል ለመሥራት እቃው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥጡ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ይባዘታል፣ ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል። ፈታዮቹ በብዛት ሴቶች ናቸው፤ ሥራውም ቀናት ይፈጃል። ሸማኔው ድሩን አድርቶ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ይሸምናል፣ ጥለቱን ይጥላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዘርፉን የሚቋጭ ሰው አለ። ብዙዎቻችን ዋጋ ስናወጣ የምናስበው ሸማኔውን ብቻ ነው፤ ፈታይዋና ዘርፍ ቋጪዋ ይረሳሉ። «የእጅ ፈትል ነው» ብለን አስወድደን የምንሸጥ ከሆነ፣ ያ ፈትል ከየትኛዋ እናት እጅ እንደ ወጣና ስንት እንደ ተከፈላት መናገር መቻል አለብን።

ከሁሉ የሚከብደው የልጆች ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ ገበያ የምናየው ሸማ የጋሞ ደጋ፣ የዶርዜና የጨንቻ ሰዎች ከአባት ወደ ልጅ ያወረዱት ድንቅ ሙያ ፍሬ ነው። ነገር ግን ከዚያው አካባቢ «እናስተምራችኋለን» ተብለው ወደ አዲስ አበባ የመጡ ልጆች ትምህርት ቤት በመግባት ፈንታ ሽመና ላይ የተቀመጡበት ታሪክ አለ። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና ውጤት በሕፃናት ጉልበትና በግዳጅ ሥራ ከሚመረቱ እቃዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። መፍትሔው ከሸማኔዎች መሸሽ አይደለም፤ ብንሸሽ የሚራበው በንጹሕ እጁ የሚሠራው ነው። ዋጋ ተጨቁኖ ሲወርድና ትእዛዝ በመጨረሻ ሰዓት ሲመጣ፣ ሌሊቱን ሽመና ላይ የሚቀመጥ ትንሽ እጅ ይፈለጋል። ስለዚህ ልጆቹን የሚጠብቃቸው በቂ ዋጋና በቂ ጊዜ ነው። አገር ቤት ስትሄዱም ገበያው ላይ አትቁሙ፤ ሸማው ወደሚሠራበት ቤት ግቡ፣ ልጆቹ የት እንደሚማሩ ጠይቁ።

ቀብድ ሌላው ቁም ነገር ነው። ክር የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ሸማኔ ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ የሚቆርጠው ነጋዴው ነው። ዓለም አቀፉ የፍትሐዊ ንግድ ድርጅት አሥር መርሖች አሉት፤ ከእነሱ አንዱ የእጅ ሥራ ገዢ ሲጠየቅ ቢያንስ ግማሹን ዋጋ ያለ ወለድ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዛል። በዚህ መንገድ መሥራት ይቻላል ወይ ለሚል ምሳሌ አለ፤ አዲስ አበባ የሚገኘው ሳባሃር የተባለ ድርጅት ከሸማኔዎችና ከፈታዮች ጋር የጥጥና የሐር ጨርቅ እየሠራ ለውጭ ገበያ ያቀርባል።

ስለ መለያው አጭር ማሳሰቢያ ላክል። በአሜሪካ ሕግ ልብስ ላይ የክሩ ዓይነት በመቶኛ፣ የተሠራበት አገርና የአምራቹ፣ የአስመጪው ወይም የሻጩ ድርጅት ስም ወይም የተመዘገበ መለያ ቁጥሩ መጻፍ አለበት። ጥለቱ ጥጥ ባልሆነ የሳባ ክር ተጥሎ ሳለ ልብሱን እንዲሁ «100 በመቶ ጥጥ» ብሎ መሸጥ ገዢን ማታለል ነው። ለሕፃናት የሚሆን ልብስና አሻንጉሊት የምትሸጡ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን የሕፃናት እቃ ደኅንነት ሕግ ሳታነብቡ አትጀምሩ። ሸማኔው ከፈቀደ ስሙንም ጻፉት። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የንቀቱ ርዝራዥ ግን ዛሬም አለ፣ የሠሪውን ስም በክብር መጻፍ አንዱ ማጽጃው ነው።

የስጦታውን ነገር በተመለከተ፣ «ከትርፉ የተወሰነው ለበጎ አድራጎት» የሚል ጽሑፍ ይቅር። ስንት፣ ለማን፣ እስከ መቼ የሚለው ይጻፍ። በአንዳንድ ግዛቶች በበጎ አድራጎት ድርጅት ስም እየተሸጠ ከሆነ ከድርጅቱ ጋር የጽሑፍ ውል ያስፈልጋል። ከግብር የሚቀነሰው ስጦታ እንደ 501(ሲ)(3) ላለ ሕጋዊ የበጎ አድራጎት ተቋም የተሰጠው እንጂ ለአንድ ግለሰብ የተላከው አይደለም። በዕድራችን ሒሳብ ለአባላት እንደሚነበበው ሁሉ፣ የሰበሰባችሁትንና የሰጣችሁትን በዓመት አንድ ጊዜ ለገዢዎቻችሁ አንብቡ።

እቃውን የማስመጣት ወጪ መጨመሩን አውቃለሁ። ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል የተሰረዘችው እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ነው፤ ከ800 ዶላር ያልበለጠ ጥቅል ያለ ቀረጥ የሚገባበት አሠራርም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 መጨረሻ ቆሟል። ይህን ጭማሪ ከሸማኔው ላይ አትቁረጡ። እውነቱን ለገዢው ንገሩት፤ ነጠላው ይወደድ፣ ወገናችን ምክንያቱን ካወቀ ይከፍላል።

ለመጪው ፋሲካ ሸማ የምታዙ ካላችሁ፣ ትእዛዙን ከገና በፊት ላኩ፤ ግማሹንም ቀብድ አብራችሁ ላኩ።