በጽሑፍ ያለ ይወረሳል

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለተገኙ አባላትና እንግዶች የቀረበ ንግግር)



እንዲህ ባለው በዓል ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ በቆሎ ዋጋና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። የዛሬው ንግግር ግን የሚያተኩረው ብዙ ሰው ልብ በማይለው ጉዳይ ላይ ነው። ይኸውም በጋዜጣ የውስጥ ገጾች በደቃቅ ፊደል ስለሚወጣው ማስታወቂያና ከማስታወቂያው በስተጀርባ ስላለው የገጠር ሕይወት ነው።

አዲስ ዘመን ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ነው። የክልሉ ሳምንታዊ ጋዜጣ በኩር ደግሞ በ1987 ዓ.ም. በባሕር ዳር ሥራ ጀመረ። የእነዚህን ጋዜጦች የማስታወቂያ ገጽ የገለጠ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው የጨረታ ጥሪ ነው። ቀጥሎ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የጠፋ ሰነድ፣ የውርስ ጉዳይ፣ የሐዘን መግለጫ፣ ምስጋና፣ አልፎ አልፎም ከፎቶግራፍ ጋር የወጣ «አፋልጉኝ» ይገኛል። ሲነበቡ ደረቅ ይመስላሉ። ነገር ግን የጠፋው ሰነድ የአንድ ቤተሰብ የመሬት ደብተር ሊሆን ይችላል። የውርሱ ጉዳይ ክረምት ሳይገባ ያረፈ የአንድ ገበሬ ማሳ ነው። «አፋልጉኝ» የሚለው ደግሞ ማታ ማታ በሩን ሳትዘጋ የምትቆይ እናት ድምፅ ነው።

መርዶና ጡሩምባ

በፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬና በወምበርማ ቀበሌዎች ሰው ሲሞት ጋዜጣ አይጠበቅም። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ ከፍ ካለ ቦታ ቆሞም የሟቹን ስምና የቀብሩን ቦታ ይለፍፋል። ከአንዱ ጎጥ የተነሣው ድምፅ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ርቆ ላለው ዘመድ መልእክተኛ ይላካል። መልእክተኛውም እንደ ደረሰ መርዶውን አያወርደውም። አስቀድሞ ለጎረቤት በጆሮ ይነግራል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠራል፤ ባለሐዘኑ ከቤቱ ሳይወጣ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ይነገረዋል። ይህ የሚደረገው ክፉ ወሬ ብቻውን እንዳይሰማና ሲወድቅ የሚደግፈው እንዳያጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራም ባለቤት አለው። መቃብር የሚቆፍረው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምትጋግረው አስቀድሞ ይታወቃሉ። የሟቹ ማሳ ሳይታረስ የቀረ እንደሆነ ጎረቤት በሬውን ጠምዶ በደቦ ያርሰዋል። ሣልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ሁሉ በቀኑ ይታሰባል። በዚህ በኩል የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ከሌላ የሚማረው ብዙ ነገር የለም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ነው። እንጀራ ይዞ ለለቅሶ የመጣው ሕዝብ ባሏ የሞተባትን ሴት ተከትሎ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤትና ወደ ማኅበሩ ቢሮ አይሄድም። እንባው የጋራ ሲሆን ወረቀቱ ግን የብቻዋ ይሆናል።

ነጋሪትና ነጋሪት ጋዜጣ

በቀድሞው ዘመን አዋጅ የሚነገረው በነጋሪት ነበር። ሕዝብ በተሰበሰበበት በገበያ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል፤ አዋጅ ነጋሪውም «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይላል። በዚህ አጭር አነጋገር ውስጥ አንድ ሙሉ አሠራር አለ። አዋጁ በገበያ የሚያበቃ አይደለም፤ የሰማ ሁሉ ላልሰማው የማድረስ ኃላፊነት ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሕጎች የሚወጡበት ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ፤ ስሙን ከከበሮው ወረሰ ማለት ነው። የአማራ ክልል ሕጎች የሚታተሙበት ጋዜጣም «ዝክረ ሕግ» ይባላል። አዋጁ ወደ ወረቀት ሲገባ ግን ሁለተኛው ግማሽ ወደ ኋላ ቀረ። ወረቀት «ያልሰማህ ስማ» ይላል፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚለው ባለቤት አጣ።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ተከሳሹን በአካል አግኝቶ መጥሪያ ማድረስ ሳይቻል ሲቀር ፍርድ ቤት በሌላ መንገድ እንዲጠራ ማዘዝ ይችላል። ከእነዚህ መንገዶች አንዱ ጋዜጣ ነው። በቀጠሮው ቀን ያልቀረበ ሰው ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ይችላል። በወራሽነት ማረጋገጫ ጉዳይም «ተቃዋሚ ካለ እስከዚህ ቀን ይቅረብ» የሚል ማስታወቂያ መውጣቱ የተለመደ ነው። ሙግት ያለ ገደብ ሊቆይ ስለማይችል ሕጉ ይህን ማድረጉ ምክንያት አለው። ሆኖም ማስታወቂያው ከታተመ ባለጉዳዩ እንደ ሰማ ይቆጠራል። ጋዜጣው በከተማ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ባለጉዳዩ ከብር ወንዝ ማዶ ሞፈር ይዞ ሲውል፣ «ተጠርቷል» እና «ሰምቷል» የሚሉት ሁለት ቃላት በጣም ይራራቃሉ።

ሦስት ስም ያላት ሴት

ማስታወቂያው ቀበሌ ድረስ ቢመጣ እንኳ ሌላ እንቅፋት አለ፤ እርሱም ስም ነው።

ለምሳሌ ያህል ባሏ የሞተባትን አንዲት ገበሬ እንውሰድ። በልጅነቷ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አለ። በክርስትና የተሰጣት ሌላ ስም አለ፤ አንድ ቀን ፍትሐት ሲደረግላት የሚጠራው ይኸው ነው። በጎጃም ገጠር በብዙ ቦታ እንደሚደረገው ስታገባ አማቷ ደግሞ ሌላ ስም አውጥታላታለች፤ መንደሩ ሠላሳ ዓመት የጠራት በዚህ ስም ነው። የመሬት ደብተሩ ላይ የተጻፈው አንዱ፣ የማኅበሩ መዝገብ ላይ ያለው ሌላው ሊሆን ይችላል። በጋዜጣ በወጣው ስም «ይቺን ሴት ታውቃላችሁ?» ተብሎ ጎረቤቷ ቢጠየቅ «በዚህ አገር እንዲህ የምትባል የለችም» ብሎ በቅንነት ሊመልስ ይችላል። ሴትየዋ ግን ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ቡና እየቆላች ነው።

ባሏም ቢሆን እንዲሁ ነው። በሕይወት ሳለ «የመሪጌታ ልጅ» እየተባለ የሚታወቅ ሰው በማስታወቂያ ሲጠራ በማይታወቅበት ስሙ ነው። በመሆኑም ማስታወቂያ የሚያጽፍ ሰው ስም ከነአያት፣ ቀበሌና ጎጥ፣ የሚጠሩበትን የመንደር ስምም ጭምር «በተለምዶ እገሌ የሚባሉት» ብሎ ቢያስገባ ጥቂት ቃላት ብዙ ክርክር ያስቀራሉ።

በዚህ ረገድ መልካም ለውጥ መኖሩን መሸሸግ አይገባም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀመር የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት እንዲሰፍር ተደርጓል። በዚህም ምክንያት «ይህ የባሌ መሬት ነው» ትል የነበረች ሴት «ይህ የእኛ መሬት ነው፤ ፎቶግራፌም ይኸው» ለማለት ችላለች። ያን ፎቶግራፍ የሚያህል ምስክር በማኅበሩ መዝገብ ውስጥም ሊኖራት ይገባል።

ወጥቶ የቀረው

ሞቱ የታወቀ ሰው ቀብር አለው፤ ተዝካር አለው። ወጥቶ የቀረ ሰው ግን ሁለቱም የሉትም።

ከዚህ አካባቢ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። የቆሎ ተማሪው ዳዊቱን በአኮፋዳው ይዞ ከደብር ወደ ደብር ይሄዳል፤ ለዓመታት ወሬው ላይሰማ ይችላል። ወጣቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ይወርዳል፤ በዚያ ወባና ካላ አዛር ይጠብቁታል። ሌላው ከቡሬ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ዓባይን ይሻገራል። አዲስ አበባ ገብቶ ሎተሪ የሚያዞርም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ተለያይቷል። መንገድ በተዘጋባቸው፣ ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ጊዜያት መርዶ እንኳ በወጉ የሚደርስበት መንገድ ጠፍቶ፣ ሰው ለዘመዱ ሳያለቅስ የቆየበት ቤት ጥቂት አይደለም።

እንዲህ ላለው ቤተሰብ «አፋልጉኝ» ብሎ ማስነገር ተስፋም፣ መረጃም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወቅለት ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል። አንዲት ሚስት ይህን ማመልከቻ ይዛ ስትቀርብ መቼ እንደ ወጣ፣ የመጨረሻው ወሬ ከማን እንደ ተሰማ፣ የት የት እንደ ተፈለገ ትጠየቃለች። ቀን የተጻፈበት ማስታወቂያ ያላትና የሌላት ሴት መልሳቸው እኩል አይደለም። ብዙ እናቶች ግን ይህን ማመልከቻ የማያቀርቡት ሕጉን ሳያውቁ ቀርተው ብቻ አይደለም። ልጃቸውን በገዛ አፋቸው «ጠፍቷል» ማለት መግደል መስሎ ስለሚታያቸው ነው። ይህን ሐዘን ማንም ሊነቅፈው አይገባም፤ አብሮ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ግን የወዳጅ ሥራ ነው።

ዝምታ ዋጋ እንዳለውም መታወቅ አለበት። በዚሁ ሕግ መሠረት ወራሽ የሆነ ሰው መብቱንና ንብረቱ በሌላ እጅ መግባቱን ካወቀ በኋላ የወራሽነት ክሱን ማቅረብ ያለበት በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። በማናቸውም ምክንያት ቢሆን አሥራ አምስት ዓመት ካለፈ በመርሕ ደረጃ በሩ ይዘጋል።

ከማኅበሩ የሚጠበቀው

እድር ሕዝብ አለው፤ የወራሽ መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ የለውም። ጋዜጣ ወረቀት አለው፤ በጎጡ ግን ሰው የለውም። ሁለቱንም በአንድነት የያዘው የገበሬው ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በየቀበሌው አባል አለው፤ መዝገብና ጸሐፊ አለው፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለመውሰድ ገበሬው ወደ በሩ ይመጣል። ስለዚህ የቀረውን የአዋጁን ግማሽ ሊሸከም የሚችለው እርሱ ነው።

ለዚህም ትልቅ በጀት አያስፈልግም።

አንደኛ፣ ዩኒየኑ ጋዜጣ በወጣ ቁጥር የማስታወቂያ ገጹን የሚያይ አንድ ሠራተኛ ይመድብ። የአባል ወረዳዎችን የሚነካ መጥሪያ ሲገኝ ተቆርጦ ለመሠረታዊ ማኅበሩ ይላክ፤ በመጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ። ፊደል ለማይለዩትም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ሙስሊም ወገኖች ባሉበትም ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በገበያ ቀንም በገበያው ይነበብ። በአየርላንድ የአካባቢ ራዲዮ ጣቢያዎች የሞቱትን ሰዎች ስም በየዕለቱ ለሕዝብ ያነባሉ፤ የሠለጠነ አገርም ቢሆን ጆሮን አልተወም።

ሁለተኛ፣ በአባልነት መዝገብ ላይ የአባሉ ስም ብቻ አይጻፍ። የትዳር ጓደኛው፣ የልጆቹ፣ የሚጠሩበት የመንደር ስምም ይስፈር፤ በየዓመቱም ይታደስ። የሟች አባል ዕጣና ጥቅም ለወራሾቹ እንደሚተላለፍ በሕግ የታወቀ ነው። ወራሹ ማን እንደሆነ በጊዜው ካልታወቀ ግን ዕጣው በመዝገብ ተኝቶ ይቀራል፤ ወይም ቀድሞ የደረሰ ያገኘዋል።

ሦስተኛ፣ ሞት በሠላሳ ቀን ውስጥ በቀበሌ ይመዝገብ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። አርባው ሳይደርስ ምዝገባው መጠናቀቅ አለበት ማለት ነው። እድሮች መቃብር ቆፋሪ እንደሚመድቡ ሁሉ፣ ሐዘንተኛውን ይዞ ወደ ቀበሌ የሚሄድ አንድ ሰው ቢመድቡ ልማዱን ያሟላሉ እንጂ አይሽሩትም።

አራተኛ፣ በጠቅላላ ጉባዔ ላይ በዓመቱ ያረፉ አባላት ስም ይነበብ። የኅሊና ጸሎት ከተደረገ በኋላም «የእነ እገሌ ዕጣ ለማን ተላለፈ?» ተብሎ ይጠየቅ። ጥያቄው በጉባዔ ፊት ከተነሣ መልስ ሳያገኝ አይታለፍም።

ክቡራን ተሰብሳቢዎች፤

የዩኒየኑ ዕድሜ ሲቆጠር የተገነባው መጋዘን፣ የተጓዘው እህልና የተገዛው ተሽከርካሪ ይዘረዘራል። ከዚህ ሁሉ ጋር፣ ዕጣ ገዝተው፣ በበቆሎ ስልቻ ላይ ተቀምጠው በመጀመሪያው ጉባዔ ድምፅ ሰጥተው ዛሬ የሌሉ አባላት አሉ። ከመካከላቸው የአንዱ ባለቤት ምናልባት በዚህ ሳምንት ማዳበሪያ ለመጠየቅ ወደ ማኅበሩ በር ትመጣ ይሆናል። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስሟን ሲያገኘው፣ የባሏንም ዕጣ ወደ ስሟ ሲያዛውር፣ ያ ቀን ለሟቹ ከተዝካር አያንስም።

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ለቅሶው በቃል ነው፤ ሲሳዩ ግን በጽሑፍ ይሁን። የሰማ ላልሰማ ያሰማ።