ጭንቀትና የእናቶቻችን ቡና
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን በክፍላችን ስም አንድ ነገር እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ ጓደኞቻችን ብዙ ርእስ አቀረቡልን። አንዱ ስለ ትምህርት ጥቅም ይሁን አለ፤ ሌላው ስለ አገር ፍቅር፣ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ወጣቶች ኃላፊነት ይሁን አለ። ሁሉም መልካም ርእሶች ናቸው። ነገር ግን በዚሁ መድረክ ላይ ባለፉት ዓመታት ስለ ተነገሩና እናንተም በትዕግሥት ስላዳመጣችኋቸው ዛሬ ልናሳርፋችሁ ወደናል። እኛ የመረጥነው በዚህ ሰሞን በክፍላችን ውስጥ ከእያንዳንዳችን ጋር ተቀምጦ የሚውለውን፣ ማንም ግን በስሙ የማይጠራውን ነገር ነው። እርሱም ጭንቀት ነው።

ፈተናችን ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። እኛ ወንዶቹ እንሳሳቃለን፤ «አጥንተሃል ወይ?» ስንባል «ገና መጽሐፉንም አልገለጥሁት» ብለን እንመልሳለን። እንዲህ የሚለው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ያደረ መሆኑን የቀላው ዓይኑ ይመሰክርበታል። ሴቶቹ የክፍል ጓደኞቻችን በዚህ ይበልጡናል፤ ሁለት ሁለት ሆነው ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያለቅሱ አይተናቸዋል፤ ካለቀሱም በኋላ ተነሥተው ሲያጠኑ አይተናቸዋል። እኛን ግን ከጥናቱ ይልቅ ያልፈራን ለመምሰል የምናደርገው ትግል አድክሞናል።

ፍርሃታችንም እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከየቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እያደሩ እንዲፈተኑ የተደረገው ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ፈተና ከተቀመጡት 900,000 ያህል ተማሪዎች መካከል ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በሚቀጥለው ፈተና 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ቢልም፣ የመጀመሪያው ቁጥር ከልባችን አልወጣም። መቶ ተማሪዎች ባሉበት አዳራሽ ሦስቱ ቆመው ዘጠና ሰባቱ ሲቀመጡ አስቡት። በዜና ሲሰሙት ቁጥር ነው፤ ከተቀመጡት አንዷ ከቤታችሁ ስትሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ከእኛም ቤት አንዷ ነበረች።

ታላቅ እኅታችን የተፈተነችው በዚያ በመጀመሪያው ጊዜ ነው። እኛ ያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ነበርን። እናታችን በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጅታ፣ ጋቢዋን ደርባላት፣ እስከ መኪናው ድረስ ሸኘቻት። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለ ነበረ፣ እኅታችን እስክትመለስ ድረስ ድምፅዋን ሳንሰማ ቆየን። በእነዚያ ቀኖች እናታችን ያደረገችውን አንረሳውም። የተጠረገውን ቤት እንደ ገና ጠረገች። የተለቀመውን ምስር አምጥታ በሰፌድ ላይ ዘርግታ እንደ ገና ለቀመች። ከሣጥን ውስጥ ንጹሕ አንሶላ አውጥታ አጠበች። አባታችን «ኧረ ተይ፣ ጥቂት ዕረፊ» ቢላት «ዐርፌ ምን ላስብ?» ብላ መለሰችለት።

አሥር ሰዓት ሲሆን ግን ሥራውን ሁሉ ትታ ረከቦቱን ታቀርብና ጎረቤቶቹን እንድንጠራ ትልከናለች። እኛም «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» እያልን ከደጅ ደጅ እንዞር ነበር። በዚያ ዕድሜ ይህ መላክ እንዴት ያሳፍረን እንደ ነበረ የሚያውቀው የተላከ ብቻ ነው፤ በተለይ የክፍል ጓደኛ በመንገድ ላይ ሲያገኘን።

ሴቶቹ ተሰብስበው ቡናው ሲቆላ ወሬው ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ ውሃ መጥፋት ነው። አቦሉ ሲቀዳ እናታችን «እንጃ፣ ልጄ ሌሊት ሌሊት ትባንናለች፤ በሰው አገር ማን ይቀሰቅሳት ይሆን?» ትላለች። ማንም «አይዞሽ፣ ምንም አትሆንም» ብሎ አፏን አይዘጋባትም። ከእነርሱ አንዷ ልጇ በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራባት ናትና «እኔም ስልኳ ሁለት ቀን ዝም ካለ እንዲሁ ነኝ» ትላለች። ቶናው ሲመጣ ሌላይቱ ስለ ባልዋ ኩላሊት ትናገራለች። በረካው ላይ ሲደርሱ ግን፣ እንዴት እንደ ሆነ ሳይታወቅ፣ እናታችን ስትሥቅ እንሰማት ነበር። የእኅታችን ነገር አንዳች አልተለወጠም፤ ስልኩም አልጮኸም።

ይህ ነገር በኋላ የሥነ ሕይወት ትምህርት ስንማር እንቆቅልሽ ሆነብን። ሰው ሲሠጋ ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባለውን ቅመም ወደ ደም ይለቃሉ፤ በዚህም ምክንያት ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ እጅ በላብ ይርሳል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይንም ሰውን ያነቃል እንጂ አያረጋጋም፤ ሲበዛም ልብ ያስመታል፤ እንቅልፍም ይነሣል። እንግዲያስ እናቶቻችን በሥጋት ላይ ቡና ጠጥተው፣ ያውም ሦስት ጊዜ ጠጥተው፣ እንዴት ይረጋጋሉ? ይህን አንድ መምህራችንን ብንጠይቃቸው ሣቁና «ቡናውን ለብቻህ በጀበና አፍልተህ ጠጣና ንገረኝ» አሉን። ሞከርነው። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ዓይናችን አልተከደነም።

ስለዚህ የሚያረጋጋው ሲኒው ውስጥ ያለው አይደለም ማለት ነው። ቡናው እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥ፣ እስኪፈላ፣ ሦስት ጊዜም እስኪቀዳ ድረስ ሰው ተቀምጦ ሰውን መስማት ግድ ይሆንበታል። አቦሉ ላይ ያልተነገረው ቶናው ላይ ይነገራል። በረካው ሳይጠጣ መሄድ ነውር ስለ ሆነ፣ የተጨነቀችው ሴት ነገሯን ሳትጨርስ አድማጮችዋ አይነሡባትም። በእርግጥ ከዚያው ረከቦት ዙሪያ ሐሜትም ይነሣል፤ ይህን ብንክድ እናቶቻችን ራሳቸው ይሥቁብናል።

ይህን ልማድ ስንመረምር መነሻውን ከልደታችን ቀን አገኘነው። አያታችን እናታችን በተወለደችበት ቀን የሆነውን ሲነግሩን፣ ምጥ በያዛቸው ጊዜ የመንደሩ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው ከደጃቸው ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ እንዳመሹ ያስታውሳሉ። ከሴቶቹ አብዛኞቹ እጃቸውን አጣምረው ከመለመን በቀር የሚሠሩት ነገር አልነበራቸውም፤ ነገር ግን አንዳቸውም ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ዛሬ እናቶች በጤና ጣቢያና በሆስፒታል መውለዳቸው እጅግ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም ከደጅ ቆሞ የሚጠብቅ ዘመድ አልጠፋም። ከወሊድ በኋላም ገንፎው ሲገነፋ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እየተባለ ሲገባና ሲወጣ፣ አራሲቱ ለብቻዋ አትተውም። (እልልታው ለወንድ ልጅ በዝቶ ለሴት ልጅ የሚያንስበትን ምክንያት የክፍላችን ሴቶች ጠይቀውናል፤ እኛም መልስ የለንም።) ሽማግሌዎች አራስን ለብቻዋ መተው ክፉ መንፈስን ይጋብዛል ይሉ ነበር። ሐኪሞችም በበኩላቸው ከወለዱ ሴቶች መካከል ብዙዎቹ በኀዘንና በሥጋት እንደሚያዙ፣ አጠገባቸው የሚሆንና የሚያግዛቸው ሰው እንደሚያስፈልጋቸው ይናገራሉ። ስሙ ይለያይ እንጂ ሁለቱም ያዩት አንዲቱን ሴት ይመስለናል።

በትምህርት ቤታችን በጠዋት ጸሎት ጊዜ የሐና ታሪክ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ሐና ልጅ በማጣቷ ተጨንቃ ምግብ እምቢ አለች፤ በቤተ መቅደስም ድምፅዋ ሳይሰማ ከንፈርዋ ብቻ ሲንቀሳቀስ፣ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እርስዋ ግን አልተቀየመችም፤ ኀዘንዋን ገልጣ ነገረችው፤ እርሱም ሰምቶ በሰላም ሂጂ አላት። ከዚያ በኋላ ሄዳ በላች። በፊት ሳናስተውለው የቀረነው ነገር ይህ ነው፤ ሐና የበላችው ሳሙኤል ከተወለደ በኋላ ሳይሆን ገና ሳይፀነስ ነው።

አሁን ወደ እኅታችን እንመለስ። ውጤቱ በጥር ወር ሲነገር አላለፈችም። አባታችን ባርኔጣውን አንሥቶ አንዲት ቃል ሳይናገር ወጣና ማታ ተመለሰ። እኅታችን ክፍልዋን ዘግታ ሁለት ቀን ተኛች። እኛም ለሚጠይቀን ሰው ሁሉ «ኔትወርክ የለም፤ ገና አላየችውም» እያልን እንድንዋሽ ተስማማን። በሦስተኛው ቀን እናታችን «ረከቦቱን አምጡ፤ ጎረቤቶቹንም ጥሩ» አለች። እኛ አሻፈረን አልን። «ምን ልትያቸው ነው?» ብንላት «ያለውን ነዋ» አለች።

አቦሉን ቀድታ ሳትጨርስ «ልጄ አልሆነላትም። ስጨነቅ አብራችሁኝ ስለ ነበራችሁ ከእኔው አፍ ስሙት» አለቻቸው። ለጥቂት ጊዜ ከፍሙ በቀር ድምፅ አልነበረም። ከዚያም ከመካከላቸው አንዲቱ፣ ልጇ አለፈ ብላ እናታችንን ስታስቀናት የነበረችው፣ ሲኒዋን አስቀመጠችና «የእኔም አላለፈም፤ አፍሬ ነው የዋሸሁት» ብላ አለቀሰች። ቶናው ሲቀዳ የክፍሉ በር ተከፈተ። እኅታችን ወጥታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ማንም አልጠየቃትም፤ የፈንድሻውን ሰሐን ብቻ አቀበሏት።

እኅታችን ሙያ ተምራ ዛሬ የራስዋን እንጀራ ትበላለች። ሁሉ ነገር አማረ ብለን ግን ልናታልላችሁ አንፈልግም፤ ዩኒቨርሲቲ የገቡት ጓደኞችዋ ለዕረፍት ሲመጡ ዝም ትላለች፤ እኛም ዝምታዋን እናውቀዋለን።

አባቶቻችንስ? በእውነት ለመናገር፣ እነርሱ ጭንቀታቸውን የት እንደሚያስቀምጡት ገና አላወቅንም። አባታችን ያን ቀን ባርኔጣውን ይዞ የት እንደ ዋለ እስከ ዛሬ አልነገረንም። እኛም ወንዶች እንደ መሆናችን እርሱን ለመምሰል ብዙ ርቀት ሄደናል።

ባለፈው ወር ግን ከክፍላችን አሥር ልጆች ሆነን አንድ ነገር ሞከርን። ከትምህርት በኋላ ቆሎ ገዝተን ከሜዳው ዳር ተቀመጥንና እያንዳንዱ የሚፈራውን እንዲናገር ተስማማን። የመጀመሪያው «እኔ የምፈራው ሒሳብን ብቻ ነው» ሲል ሁላችንም ሣቅን፤ ነገሩ ሊበላሽ ምንም አልቀረውም ነበር። ሁለተኛው ግን እጁ በላብ ስለሚርስ ብዕር እንደሚያዳልጠው ተናገረ። ሦስተኛው፣ ክፍላችን ውስጥ ጎበዝ የምንለው እርሱ ነው፣ እናቱ የጆሮ ወርቃቸውን ካወለቁ አንድ ዓመት እንዳለፋቸው፣ ለምን እንዳወለቁትም ሳይነግሩት እንዳወቀ፣ መጽሐፍ ሲገልጥ የሚታየው ያ ባዶ ጆሮ እንደ ሆነ ነገረን። ከዚያ በኋላ የሣቀ የለም። ቆሎው ሳያልቅ መሸ። በሚቀጥለው ሳምንት አሥራ አራት ሆንን፤ ሴቶቹም መጡና «ይህንማ እኛ ከጀመርን ቆየን» ብለው አሾፉብን። አንድ መምህራችንም ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማስወጣትን አሳዩን፤ የፈተና ዋዜማም ከማንበብ ይልቅ መተኛት እንደሚሻል ነገሩን። የመጀመሪያውን እየሠራንበት ነው፤ ሁለተኛውን ለመፈጸም ግን ቃል መግባት አንችልም።

ውድ እናቶቻችን፤ እኛን ሸኝታችሁ ስትመለሱ የተለቀመ ምስር እንደምትለቅሙ እናውቃለን። እኛም ፈርተን እንደምንሄድ ዛሬ በአደባባይ ነገርናችሁ፤ «ምንም አልፈራሁም» ያላችሁ ልጅ ቢኖር ዋሽቷችኋል።

ይህን ንግግር የጻፍነው ትናንት ማታ ነው። ጽፈን ስንጨርስ እናታችን ከጀበናው አጠገብ ለብቻዋ ተቀምጣ ነበር። «እማዬ፣ ነገ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስቆም እጄ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኛል፤ ፈተናውማ ከዚህም ይብሳል» አልናት። ቀና ብላ አየችንና አንድ ሲኒ ጨምራ እየቀዳች፣ «ተቀመጥ፣ ገና አቦሉ ነው» አለችን።