አልጋ የያዙ ወገኖቻችንን ስለ መርዳትና ረዳቶችን ስለ ማሰልጠን

(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት ሲባል በሰሌዳ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምናገረው ስለ ድንኳንም ስለ ወርሃዊ መዋጮም አይደለም። በየቤታችን አልጋ ይዘው ስላሉት ሰዎች ነው። ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን የያዛቸው አሉ፣ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ አሉ፣ እርጅና ያደከማቸውም አሉ። ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ስም መጥራት አያስፈልግም።

«እድር ለቀብር እንጂ ለሕክምና አልተቋቋመም» የምትሉ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እውነት ነው። ነገር ግን ሰውየው በሕይወት እያለ ሁለት ዓመት ጣራ ሲቆጥር ከርሞ፣ በሞተ ማግስት ድንኳን ብንተክልለትና ንፍሮ ብንቀቅል ምን ጠቀምነው? ደግሞም ነገሩ አዲስ አይደለም። በኤች አይ ቪ ክፉ ጊዜ በአዲስ አበባ እድሮች ቤት ለቤት ሕሙማንን በመርዳት ተሳትፈዋል። ያን ጊዜ እድርነታቸው አልቀረም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኛ በሽተኛን የምንወደው በማስተኛት ነው። «ተኛ አባባ፣ አትድከም፣ እኛ እናመጣልሃለን» እንላለን። እናጎርሳለን፣ እናለብሳለን። ይህ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሰውነት ግን ካላሠሩት ይከዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ ጥናት፣ ጤነኛ የሆኑ አረጋውያን ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ሲለካ፣ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀንሶ ተገኝቷል። ጤነኛው በ10 ቀን እንዲህ ከሆነ፣ በሽተኛው በ6 ወር ምን ይሆናል? መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ጀርባው ይቆስላል፣ ሳንባው አክታ ይይዛል።

«ታዲያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለ አይደል?» ትሉኛላችሁ። አለ፣ ግን ጥቂት ነው፣ ዋጋውም ይከብዳል። ቢገኝ እንኳ በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢያሠራ፣ በሳምንት ካለው 168 ሰዓት የያዘው 1 ሰዓት ብቻ ነው። የቀረው 167 ሰዓት በአስታማሚው እጅ ነው። ስለዚህ አስታማሚው ካልሠለጠነ የባለሙያው ድካም ውኃ ይበላዋል።

ይህን ሌሎች አገሮች ቀደም ብለው አይተውታል። በአሜሪካ አረጋውያን በሚጦሩባቸው ቤቶች፣ ማለትም ነርሲንግ ሆም በሚባሉት፣ ብዙ የእኛ ልጆች እንደሚሠሩ ታውቃላችሁ። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣ ሕግ መሠረት፣ የነርስ ረዳት ሆኖ የሚቀጠር ሰው ቢያንስ 75 ሰዓት መሠልጠን አለበት። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 16 ሰዓት በተቆጣጣሪ ፊት በተግባር የሚሠራበት ነው። ከተቀጠረ በኋላም በየዓመቱ ቢያንስ 12 ሰዓት ይማራል። ትምህርቱ ማጠብና ማልበስ ብቻ አይደለም፤ በሽተኛው ራሱን እንዲችል ማለማመድ፣ መገጣጠሚያ ማንቀሳቀስ፣ በምርኩዝ ማስኬድ ጭምር አለበት። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ከማከም ጋር መልሶ ማቋቋምን ለጤና ሠራተኞች ሲያስተምር የኖረ ነው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መቄዶንያ አልጋ የያዙ አረጋውያንን ሰብስቦ ሲጦር እናያለን። እዚያ ያልገባው በሽተኛ ግን በእኛ ቤት ነው ያለው።

የሠለጠነ ረዳት ምን ያውቃል? ዋና ዋናውን ልንገራችሁ፤ ዛሬውኑ ቤታችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

1ኛ/ መገላበጥ። መነሳት የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ይለወጣል። ተረከዙ፣ ዳሌውና የጀርባው መጨረሻ በየቀኑ ይታያል። ቀልቶ ወይም ጠቁሮ ከቆየ ቁስል እየመጣ ነውና በዚያ በኩል አይተኛም፤ ቦታውም አይታሽም።

2ኛ/ ማንሳት። የደከመውን እጅ ይዞ መጎተት ክልክል ነው፤ ትከሻው ይወልቃል። ወንበሩ በደህናው ጎን ይቀርባል፣ እግሩ መሬት ይረግጣል፣ ወደ ፊት ጎንበስ ይላል፣ ከዚያ አብሮ መነሳት ነው። አንሺውም ጉልበቱን ማጠፍ አለበት፤ አለዚያ በሽተኛው ሁለት ይሆናል።

3ኛ/ ማልበስ። ሲለበስ የደከመው እጅ ይቀድማል፣ ሲወልቅ ደግሞ ደህናው ይቀድማል። አንድ ቁልፍ እንኳ ራሱ መቆለፍ ከቻለ ይቆልፍ፤ ቢዘገይም ይጠበቅ።

4ኛ/ ማብላት። ተኝቶ አይበላም። ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ጉርሻው ትንሽ ትንሽ ነው፣ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ይቆያል። ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ ለሐኪም ይነገር።

5ኛ/ ማስኬድ። ምርኩዙ በደህናው እጅ ይያዛል፤ ረዳቱ በደከመው ጎን ይቆማል። ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርድ የደከመው።

6ኛ/ የማያውቁትን አለመንካት። ረዳት መድኃኒት አያዝም፣ ባለሙያ ያላዘዘውን እንቅስቃሴ አያሠራም። አንድ እግር ብቻውን ካበጠና ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ማሸት አደገኛ ነው፤ ሐኪም ቤት ነው። አፍ ድንገት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ እስኪነጋ አይጠበቅም። ጸበሉን አልከለክልም። ግማሽ ጎኑ ለዛለ ሰው ግን ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት ይቅርብን።

ባለፈው ጊዜ አንድ የእድራችን አባት ከአንድ ሆስፒታል ሲወጡ ለቤተሰቡ የመድኃኒት ወረቀት ብቻ ነበር የተሰጠው። እንዴት ይነሱ፣ እንዴት ይገላበጡ፣ የነገራቸው የለም። ልጃቸው ሌት ተቀን ስትለፋ ነበር፤ ጀርባቸው ግን ቆሰለ። ልጅቱ ጉልበትም ፍቅርም አላጣችም። ያጣችው አንድ የሚያሳያት ሰው ነው።

ስለሆነም ኮሚቴው ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

ሀ/ ከሰፈራችን 2 ሴቶችና 2 ወንዶች ይመረጡ። በነርስነት ተምረው ሥራ ያላገኙ ልጆች ካሉ ቅድሚያ ይሰጣቸው።

ለ/ አሠልጣኝ የሚሆን ባለሙያ ለማግኘት ከጤና ጣቢያው ጋር እንነጋገር። ትምህርቱ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በአልጋና በወንበር ላይ በተግባር ይሁን።

ሐ/ ወጪው ከድንኳንና ከወንበር ኪራይ ይሸፈን። የቀብር ገንዘብ አይነካም፣ መዋጮም አይጨመርም።

መ/ ረዳቶቹ ቤተሰቡ ሲጠራ ብቻ ይሂዱ፤ ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ይርዳ። የቤተሰቡን ሥራ አይውሰዱ፤ ቤተሰቡን ያስተምሩ። የሰው ገመና አደባባይ ያወጣ ረዳት በዚያው ቀን ይሰናበታል። ለረዳቶቹም የድካማቸው ይከፈል፤ በነጻ ጉልበት የተጀመረ ሥራ ሁለት ወር አይዘልቅም።

ሠ/ በ6ኛው ወር ለጉባኤ ሪፖርት ይቅረብ። ካልጠቀመ እናቁመው።

እኛም ነገ ተራችን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ የአንዱን ቤት ሸክም ተካፍለን እንያዘው። ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። እስከዚያው ቤታችሁ አልጋ የያዘ ሰው ያላችሁ ለጸሐፊው አስመዝግቡ፣ የምትቃወሙም ቀርባችሁ ተናገሩ።



የእድሩ ጸሐፊ