ከታቦር ተራራ ላይ
(ለዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



 እኛ መዝገብ ጸሐፊ እንጂ ተናጋሪ አይደለንም፤ ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ንግግሩ ቢንገዳገድ ይቅርታ አድርጉልን።

ሐዋሳ እየኖረ ታቦርን የማያውቅ የለም። ግን ስንቶቻችን ነን ወጥተን የምናውቀው? እኛም ጡረታ እስክንወጣ ድረስ ከታች ሆነን ነበር የምናየው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ስድስት አባላት ሆነን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ስንቃችን ዳቦ ቆሎና አንድ ፔርሙዝ ቡና ነው። መንገዱ ረጅም ባይሆንም ጉልበት ይጠይቃል። እያረፍን፣ «ኧረ ቀስ በሉ፣ ቀብር አለብን እንዴ?» እየተባባልን ወጣን።

ነፋስ የሚባል አልነበረም። ሐይቁ እንደ ታሰሰ ምጣድ ዝም ብሎ ተኝቷል። ከአሞራ ገደል በኩል የዓሣ ነጋዴዎቹ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አባ ኮዳዎቹም ፍርፋሪ ሊለቅሙ ያንዣብባሉ። በእርሻ መሥሪያ ቤት ያገለገለ ጓደኛችን፣ ጥቁር ውኃ ወደ ሐይቁ ይገባል፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን በዓይን አይታይም፣ ያም ሆኖ ውኃው ጨዋማ አይደለም ብሎ ነገረን። ይኸን ያህል ዘመን አጠገቡ ስንኖር አላወቅንም ነበር።

አንደኛው ወንድማችን ሽቅብ ስንወጣ እጁን ከትከሻችን ላይ አላነሣም። ደክሞት መስሎን ዝም አልን። ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «ጀልባዎቹ ገና አልወጡም?» ብሎ ጠየቀ። ሦስት ጀልባ ከፊታችን ነበር።

ሁላችንም ዝም አልን። ኋላ እሱ ራሱ አወጣው። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት ሆኖታል። ፀሐይ ሲበረታ ሰው ሁሉ ጭጋግ ይሆንበታል። አንድ ጊዜ ድንኳን ገብቶ ባለ ኀዘኑን አልፎ ወንበር የሚያቀርበውን ልጅ «እግዚአብሔር ያጥናህ» አለው። ሰው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ጥሩንባው ሲነፋ እየሰማ ከቤቱ አልወጣም።

እኛ ደግሞ በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» እያልን ጻፍንበት። አራት ቀብር፣ አራት ቅጣት። አንድ ቀን እንኳ ቤቱ ሄደን «ምነው ጠፋህ?» አላልነውም፤ ቤቱ ከኛ ቤት አምስተኛው ነው። ብዕሩ በእጃችን ስለነበረ ሥራችንን የሠራን መስሎን ነበር።

ይኸንን ሁሉ የምንናገረው እሱ ፈቅዶልን ነው። እዚሁ መካከላችሁ ተቀምጧል። ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነገር ነው፤ ወረፋ ይዟል፣ ቀኑ ሲደርስ ይዘነው የምንሄደው እኛ ነን።

ስሙ ግን ከዕድሩ እንዲሰረዝ ዛሬ በአጀንዳው ላይ ሰፍሯል፤ የጻፍነውም እኛው ነን። ጉባኤው ያንን መስመር እንዲያነሣልን፣ አራቱንም ቅጣት እንዲምርልን እንጠይቃለን። ከእንግዲህም ሁለት ቀብር የቀረ አባል ቢኖር፣ ቅጣቱ ከመጻፉ በፊት ሁለት ሰው ቤቱ ሄዶ እንዲጠይቀው በደንቡ ይግባልን።

የታቦሩን መንገድ አልተውንም። በሚመጣው ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ከዕድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ እንነሣለን። ነፋሱ ከረፋዱ በኋላ ስለሚነሣ አትዘግዩ፤ ዱላ ያላችሁ ያዙ፣ ስኒም ጨምሩ፣ ባለፈው አንሶን ነበር።