አንድ መሰንቆና አንድ ሣጥን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሙዚቃ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



የምንናገረው ሁለት ሰው ብቻ ስላለበት አንድ ባንድ ነው። መሣሪያውም አንድ መሰንቆና አንድ የእጅ ስልክ ነው። አጀማመሩን ስንነግራችሁ አትሳቁ አንልም ፤ እኛም ስቀናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛው ጓደኛችን የሐይቅ ልጅ ነው። ከበሮና ፒያኖ የሚያሰማ ፕሮግራም በስልኩ ጭኖ ፥ ጧት ከእንቅልፉ እንዲቀሰቅሰው በደወል ፋንታ ያደርገው ነበር። አንድ ቀን በሒሳብ ትምህርት መካከል ደወሉ በድንገት ተነሣና ክፍሉን በእስክስታ ምት አናወጠው። ሁላችን በድንጋጤ ጸጥ ስንል ፥ ከአምባሰል ወገን የመጣው ጓደኛችን ከኋላ ወንበር ሆኖ ሳያስበው ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ አጀበው። መምህሩም ማንን እንደሚቀጡ ቢቸግራቸው ሁለቱንም አስወጧቸው። እነሱ ግን ውጭ ሆነው ቀጠሉበት። ባንዱ የተመሠረተው እንግዲህ በዚያ ሰዓት ከመስኮቱ ሥር ነው ፤ መሥራቹ መምህራችን ናቸው ብንል አይቀየሙን።

በማግሥቱ ያ የአምባሰል ልጅ የአያቱን መሰንቆ ይዞ መጣ። ያን ጊዜ ችግር ተነሣ። ትዝታ ፥ ባቲ ፥ አንቺሆዬና አምባሰል ከሚባሉት ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በአገራችን ስም የሚጠራ መሆኑን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። አምባሰል አምስት ድምፅ አለው ፤ ከመነሻው እስከ ሁለተኛው ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ ፥ ያችን ጠባብ ቦታ የሳተ ሰው ሌላ ነገር ይጫወታል እንጂ አምባሰልን አይጫወትም። መሰንቆ ባለ አንድ አውታር ነውና ጣት በፈለገበት ላይ ያርፋል ፤ የሚቃኘውም ለዘፋኙ ድምፅ ነው። ስልኩ ግን ድምፁን ሁሉ በ12 እኩል ደረጃ ከፋፍሎ አስቀምጧል ፤ ወዲያ ወዲህ አይልም። ሁለቱ ልጆች ሦስት ቀን ሙሉ «አንተ ተቃኝ» ፥ «የለም አንተ ተቃኝ» ሲባባሉ ሰነበቱ። በመጨረሻ መሰንቆው ፥ ታናሽ ወንድሙን እንደሚያባብል ታላቅ ፥ ዝቅ ብሎ ገባለት።

አንዳንዶቻችሁ ይህ የልጅ ጨዋታ ነው ትሉ ይሆናል። እኛም እንደዚሁ መስሎን ሳለ የአቶ ኃይሉ መርጊያን ታሪክ አገኘን። አቶ ኃይሉ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሲሄድ እሳቸው እዚያው ቀሩ። በ1985 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ከተማ ከአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ብቻቸውን ገብተው ፥ አኮርዲዮንን ፥ የኤሌክትሪክ ፒያኖንና ሙግ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ ቀረጹ። ከበሮ መቺ አልነበራቸውም ፤ ምቱን የሚመታላቸው መኪና ነበር። እንግዲህ አንድ ሰውና አንድ ሣጥን ሲቈጠሩ ሁለት ተጫዋች አይሆኑምን? ከዚያ ካሴት ዜማዎች አንዱ ደግሞ ስሙ «አምባሰል» ነው!

ከዚያ በኋላ አቶ ኃይሉ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዱ። ኪቦርዳቸውን ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ አኑረው ፥ በአውሮፕላን ጣቢያ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ያን ካሴት ባሕር ዳር አገኘውና በ2013 እ.ኤ.አ. እንደ ገና አሳተመው ፤ እሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ።

ይህን የምናወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ወር የመሰንቆው ጓደኛችን መለማመዱን ተወ። እቤት «አዝማሪ ልትሆን ነው ወይ?» ተብሎ ነበር። እናቱ ክፉ ሰው አይደሉም። በልጅነታቸው በአባታቸው መሰንቆ ምክንያት የሰው አፍ የቀመሱ ናቸውና ፥ ልጃቸው ያንኑ እንዳይቀምስ ፈርተው ነው። ለመለመን ከቤታቸው ሄድን። ቡና ያፈሉልን ጀመር ፤ ከእኛ ግን አፉን የሚከፍት ጠፋ። የስልኩ ባለቤት ሲጨንቀው የከበሮውን ምት ለቀቀው። እትዬ ቡናውን እየቈሉ ጥቂት አደመጡና ፥ «ይኼ ነገር ይቸኩላል ፤ አባቴ እንዲህ አልነበረም» አሉ። ምቱን ቀነስንላቸው። «ገና ነው» አሉ። እንደ ገና ቀነስን። ከዚህ በኋላ ከጢስ ማጨሻው አጠገብ ዕጣን አንሥተው የመሰንቆውን ጭራ ራሳቸው አሹና ፥ «በል እንካ ፥ አሳያቸው» ብለው ለልጃቸው ሰጡት። በአያቱ ርምጃ የተጫወተው ያን ቀን ነው።

እትዬ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ጓደኞቻችን አሁን ወደ መድረኩ ይወጣሉ። ቁጥሩን የምታውቁ ሁሉ ፥ አምባሰሉ እስኪያልቅ ድረስ በዚያ ስልክ እንዳትደውሉ በትሕትና እንለምናለን።